ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተቀጠረው ጆብ ለምን ጠዋት 12 ላይ ይነሳል? የእሁዱ ሽያጭስ ለምን እጥፍ ሆነ?

የጠያቂው መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ 11 ቅርንጫፍ ባለው የችርቻሮ ድርጅት እሠራለሁ። የየቅርንጫፉን የቀን ሽያጭ እየሰበሰበ ወደ አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚያስገባ ጆብ (በቀጠሮ ራሱ የሚነሳ ሥራ) ሥራዎችን በቀጠሮ በሚያስነሳው ኤርፍሎው 2.8 ሠርቻለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲነሳ ክሮኑን (የቀጠሮውን መስመር) 0 3 * * * ብዬ ብጽፍለትም የሚነሳው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። የትናንቱን ሽያጭ እንዲያመጣ ብነግረውም የሚያመጣው ከትናንት ወዲያ ያለውን ነው፤ አለቆቼ ሪፖርቱ አንድ ቀን እንደሚዘገይ ስለለመዱት ዝም ብዬው ነበር። ባለፈው ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እስከ ሰኞ ጠዋት አልተነሳም። ሲነሳ ሦስት ራኖች (ራን ማለት ጆቡ አንድ ጊዜ ተነስቶ መሥራቱ ነው) ባንዴ ጀመሩ። ደንግጬ ሦስቱንም ፌይልድ (የወደቁ) አድርጌ አስቆምኳቸውና በእጄ አንድ ጊዜ አስነሳሁት፤ የሚገርመው፣ በእጄ ሳስነሳው ልክ የትናንቱን አመጣ። አሁን ረቡዕ ላይ ሳየው የእሁዱ ሽያጭ እጥፍ ሆኗል፣ የሐሙስ፣ የዓርብና የቅዳሜው ደግሞ የለም። ሐሙስ ሰርቨሩ እየሠራ ነበር እኮ! ኤርፍሎውን ትቼ ሰርቨሩ ላይ ወዳለው ተራ የቀጠሮ ፕሮግራም፣ ወደ ክሮን፣ ልመለስ?»

አይመለሱ። ኤርፍሎው አልተበላሸም፣ መብራቱም ዋናው ጥፋተኛ አይደለም። የሰዓቱ መዛባት ራሱን የቻለ ትንሽ ስህተት ነው። የቀረው ሁሉ፣ የጠፋው ሐሙስና እጥፍ የሆነው እሁድ ጭምር፣ ጆቡ «ዛሬ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከየት እንደሚያገኝ ካለማወቅ የመጣ ነው። ክሮን ላይ ቢወስዱትም ጥያቄው ተከትሎዎት ይሄዳል።

ሰዓቱን እናስቀድም። ከሌሊቱ 9 ሰዓትን በፈረንጆች ሰዓት 3 ብለው መጻፍዎ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ሰው ስላለ ነው የማነሳው። የጎደለው የማን 3 ሰዓት እንደሆነ መንገር ነው። ኤርፍሎው ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው፣ የእኛ ሰዓት ደግሞ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ የእርስዎ 3 ለእኛ በፈረንጆች 6 ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት 12 ሰዓት ሆነ። ድረ ገጹ ላይ ከላይ በቀኝ በኩል የሰዓት ክልል መምረጫ አለ። ብዙ ሰው እሱን ወደ አዲስ አበባ ይቀይርና የተስተካከለ ይመስለዋል። መምረጫው የሚቀይረው ሰዓቱ ለዓይን የሚታይበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ጆቡ የሚነሳበትን ሰዓት አይነካም። ክሮኑን 0 0 * * * አድርጎ መገላገልም ይቻላል፣ ግን አልመክርም። ከእርስዎ በኋላ ኮዱን የሚረከበው ሰው እኩለ ሌሊት ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው መንገድ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል እዚያው ዳጉ (ጆቡ የተገለጸበት ኮድ) ውስጥ በስሙ መጻፍ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ታች እመለስበታለሁ።

ወደ ቀኑ ስንመጣ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ማክሲም ቦሽማን በ2014 ኤርቢኤንቢ ውስጥ ኤርፍሎውን መሥራት ሲጀምር ሥራው የማንቂያ ደወል መሥራት አልነበረም፤ ያለቀ የጊዜ ክፍልን መረጃ የሚያቀነባብር ሥርዓት ነበር። የሱቅ ሒሳብ አዘጋግን ያስቡ። የሰኞ ሽያጭ የሚቆጠረው ሰኞ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቆጠራው ማክሰኞ ማለዳ ቢሆንም መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን «ሰኞ» ተብሎ ነው። ኤርፍሎውም እንዲሁ ያደርጋል። ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳው ራን የሚሸፍነው ከሰኞ ጠዋት 12 እስከ ማክሰኞ ጠዋት 12 ያለውን ጊዜ ነው። የራኑ ሎጂካል ዴት፣ በአጭሩ ዲኤስ የሚባለው ቀን፣ ሰኞ ነው። ኮድዎን ባላየውም ምልክቱ ይናገራል፦ ዲኤስን «ዛሬ» ነው ብለው ወስደው ትናንትን ለማግኘት 1 ቀን ቀንሰውለታል። ዲኤስ ግን ቀድሞውኑ ትናንት ነበር። ከትናንት ላይ አንድ ሲቀነስ ከትናንት ወዲያ ይሆናል።

በእጅ ሲያስነሱት ለምን ይስተካከላል? በእጅ የተነሳ ራን ሎጂካል ዴቱ ያስነሱበት ቅጽበት ስለሆነ ነው። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሲጫኑ ዲኤስ ሰኞ ሆነ፤ አንድ ሲቀነስለት እሁድ፣ ማለትም በትክክል ትናንት። እዚህ ላይ በደንብ ልብ ይበሉ፦ «በእጄ ሳስነሳው ይሠራል» የሚለው ምርመራ ለታቀደ ጆብ ማስረጃ አይሆንም። የሁለቱ ራኖች ቀን አሰያየም ይለያያል። ዳታ ኢንተርቫል ስታርት የሚባለው ሌላኛው ቀን፣ ማለትም ራኑ የሚሸፍነው ጊዜ መነሻ፣ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ በእጅ ለተነሳ ራን ኤርፍሎው በቅርቡ የተዘጋውን ክፍል ፈልጎ መነሻውን ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ያለው እዚህ ነው።

አሁን ያለፈውን ሳምንትዎን እንከተለው። ዓርብ ጠዋት የተነሳው ራን ዲኤሱ ሐሙስ ነበር፤ አንድ ስለተቀነሰበት ያመጣው የረቡዕን ነው። የሐሙስን ሽያጭ ማምጣት የነበረበት የቅዳሜ ጠዋቱ ራን ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ መብራት የለም። ሐሙስ ዕለት ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ የሐሙሱ ሽያጭ የጠፋው በዚህ ነው። ሰኞ ሰርቨሩ ሲነሳ የጀመሩት ሦስት ራኖች የቅዳሜ፣ የእሁድና የሰኞ ጠዋት ቀጠሮዎች ናቸው፤ በእርስዎ ኮድ የሐሙስን፣ የዓርብንና የቅዳሜን ሽያጭ ይዘው ሊመጡ ነበር። ያስቆሟቸው እነሱን ነው። በምትካቸው በእጅ ያስነሱት ራን የእሁዱን አስገባ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ በቀጠሮው የተነሳው ራን ዲኤሱ ሰኞ፣ ሲቀነስ እሁድ ሆነና የእሁዱን እንደገና ጨመረበት። ስለዚህ እሁድ ሁለት ጊዜ ገባ። ያለ ምክንያት የጠፋም የተባዛም አንድ መስመር የለም።

ማስተካከያው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ ሁለቱም ካልተደረጉ አንዱ ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያው፣ ከዲኤስ ላይ አንድ መቀነሱን ትተው የቀኑን ስም ከዳታ ኢንተርቫል ስታርት ይውሰዱ፤ ቀኑን ከማውጣትዎ በፊት ግን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይለውጡት። ከቅርንጫፎቹ ሲጠይቁም ከሌሊት 9 እስከ ሌሊት 9 ብለው አይቁረጡ፤ በዚያ ቀን ስም ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ያለውን ሽያጭ ይጠይቁ። የቅርንጫፎቹ ሲስተም ሰዓቱን በዩቲሲ ይመዝግብ ወይስ በእኛ፣ እሱንም አንድ ደረሰኝ ይዘው ያመሳክሩ።

ወደ አዲስ አበባ ሰዓት መለወጡን እንደ ቅንጦት አይዩት። ዲኤስ የሚጻፈው በዩቲሲ ቀን ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ እኛ ወደ አዲሱ ቀን ስንገባ ዩቲሲ ገና በአሮጌው ቀን ላይ ነው። የእርስዎ ጆብ ልክ 9 ላይ ስለሆነ ለጥቂት ያመልጣል፤ ነገ አንድ ሰው ወደ 7 ሰዓት ቢያመጣው ቀኑ አንድ ወደኋላ ይንሸራተታል። እኔ ይህን የተማርኩት ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት ነው። ጆባችን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይነሳል፣ ጠዋት «የትናንት ሽያጭ» የሚል ሪፖርት ይወጣል። የቀን ሽያጭ ከቀን ቀን ብዙ ስለማይለያይ ማንም አልጠረጠረም። ታኅሣሥ 29 ለገና ሱቆቹ ሁሉ ተዘጉ፣ ታኅሣሥ 30 ተከፍተው ሲሸጡ ዋሉ። ጥር 1 ጠዋት የወጣው «የትናንት ሽያጭ» ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነበር። የገናው ባዶ ቀን ነው በማግስቱ ስም የመጣው። ለካ ለወራት ስናነበው የኖርነው ከትናንት ወዲያን ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጆብ ስረከብ መጀመሪያ የማየው የበዓል ቀንን ቁጥር ነው፤ እርስዎም ይሞክሩት።

ሁለተኛው ማስተካከያ የአጻጻፉ ነው። ጆብዎ መረጃ ሲያመጣ ባለው ላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሁለቴ ከመጣ ሁለቴ ይቆጠራል። መሆን ያለበት፣ መጀመሪያ የዚያን ቅርንጫፍ የዚያን ቀን መስመሮች ሰርዞ ከዚያ አዲሱን ማስገባት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁኑ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ የድሮው ይተርፋል ወይ አዲሱ ሙሉ ይገባል። ይህን ካደረጉ በኋላ ጆቡን አሥር ጊዜ ቢያስነሱት ውጤቱ አንድ ነው። የምሰጥዎት ጠንካራ ምክር አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ነበር። የሰዓት ስህተት ሪፖርትን ያዘገያል፤ ደጋግሞ መጨመር ግን ሒሳብን ያበላሻል፣ የተበላሸው ሒሳብም ለግዢ፣ ለግብር፣ ለሠራተኛ ኮሚሽን መነሻ ሆኖ ከወጣ በኋላ መመለሻው ከባድ ነው።

እግረ መንገድ፦ ኮዱ ውስጥ የትም ቦታ የኮምፒዩተሩን የአሁን ሰዓት ጠርተው ቀን አያውጡ። እንደዚያ የተጻፈ ጆብ በመደበኛው ቀን ደህና ይመስላል፤ ከመብራት መጥፋት በኋላ ሦስት ራኖች ሲነሱ ግን ሦስቱም ያንኑ አንድ ቀን ያመጣሉ።

ስለዚያ «ባንዴ ጀመሩ» ስላሉት ነገር። ካችአፕ ይባላል፤ ያመለጡ ቀጠሮዎችን መልሶ ማሟላት ነው። በኤርፍሎው 2 ካልዘጉት በስተቀር ክፍት ነው። ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀን መሞላት አለበት። ቢዘጉት የሚነሳው የመጨረሻው ቀጠሮ ብቻ ነበር፣ የቀሩት ቀናት ክፍት ቀዳዳ ሆነው ይቀራሉ። የሚያስደነግጠው ባንዴ መነሳታቸው ከሆነ ማክስ አክቲቭ ራንስ የሚለውን 1 ያድርጉት፤ ካልቀየሩት ከሚሆነው (ከነባሪው) 16 ይልቅ አንድ በአንድ፣ በተራ ይሠራሉ፣ የቅርንጫፎቹ ኔትወርክም አይጨናነቅም። ጥንቃቄው ስታርት ዴቱ፣ ማለትም ዳጉ የሚጀምርበት ቀን፣ ላይ ነው። ያለፈ ዓመት ቀን ጽፈው አዲስ ዳግ ከከፈቱ ካችአፕ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሉትን ሁሉ ሊያሟላ ይነሳል። የአሁን ሰዓት የሚል ተንቀሳቃሽ ስታርት ዴት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ መነሻው ሁልጊዜ እየሸሸ ጆቡ በፍጹም ላይነሳ ይችላል። ቁርጥ ያለ ቀን ይጻፉ።

ያለፈውን ለመጠገን አዲስ ስክሪፕት አያስፈልግዎትም። ሁለቱን ማስተካከያዎች ኮዱ ላይ ካስገቡ በኋላ ከባለፈው ዓርብ ጠዋቱ ራን ጀምሮ እስከ ዛሬ ረቡዕ ያሉትን የቀጠሮ ራኖች አንድ በአንድ ክሊር ያድርጉ፣ ማለትም እንደገና እንዲሠሩ ያጽዷቸው። ፌይልድ ያሏቸው ሦስቱም አልጠፉም፣ የየራሳቸውን ቀን ይዘው ተቀምጠዋል። በ2.8 ክሊር የተደረገ ራን የሚሠራው በአሁኑ ኮድ ስለሆነ የዓርቡ ራን የሐሙስን፣ የቅዳሜው የዓርብን፣ የእሁዱ የቅዳሜን ያመጣል። የሰኞው ራን ደግሞ እጥፍ የሆነውን እሁድ ሰርዞ አንዴ ብቻ ያስገባዋል። ከመጀመርዎ በፊት የሠንጠረዡን ቅጂ ያስቀምጡ። መጀመሪያ የዓርቡን ብቻ ክሊር አድርገው የሐሙስን ድምር ከአንድ ቅርንጫፍ ካሽ ሪፖርት ጋር ያስተያዩት፤ ከገጠመ ይቀጥሉ።

ይህ ሁሉ ግን ቅርንጫፎቹ ያለፈውን መረጃ ይዘው እንደሚቆዩ በማመን ነው። አንዳንድ ሲስተም በየቀኑ አንድ ፋይል ያወጣና የትናንቱን ይደመስስበታል። እንደዚያ ከሆነ ካችአፕም ክሊርም የሚያነሱት ነገር የለም፤ ፋይሉን ቀኑን በስሙ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ መቅደም አለበት። ሌላው ወሰን ዘግይቶ የሚመጣ ሽያጭ ነው። ኔትወርክ የጠፋበት ቅርንጫፍ የሰኞውን ሽያጭ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሊልክ ይችላል፣ ጆቡ ደግሞ ሌሊት አልፏል። ሰርዞ የማስገባት አጻጻፍ ካለዎት መላው ቀላል ነው፦ በየሌሊቱ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት እንደገና ያምጡ። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ለ11 ቅርንጫፍ ግን የሚከብድ አይመስለኝም። ለአጭር መቆራረጥ ደግሞ ሪትራይ ይስጡት፤ ነባሪው ዜሮ ነው፣ አንዴ ከወደቀ አይደግምም።

ሰርቨሩንም ይፈትሹት። የኤርፍሎው ድረ ገጽና ጆቦቹን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ስኬጁለር ሁለት የተለያዩ ፕሮሰሶች ናቸው። ገጹ እየተከፈተ ስኬጁለሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከላይ ስኬጁለሩ የማይሠራ ይመስላል የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ሰው ግን አያነበውም። የእርስዎ ሰኞ በራሱ መነሳቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ በተርሚናል ከፍተው የሚተዉት ከሆነ ግን ከማሽኑ ጋር አብሮ በሚነሳ የሲስተምዲ አገልግሎት ያድርጉት። ከረጅም መብራት መጥፋት በኋላ ያረጀ ሰርቨር ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን የሚመለስበት ጊዜም አለ። በኔትወርክ ሰዓቱን የሚያስተካክል አገልግሎት መኖሩንና ከስኬጁለሩ ቀድሞ መነሳቱን ያረጋግጡ። ጆቡ ጭራሽ ያልተነሳ ቀን ደግሞ ፍለጋውን ከቀላሉ ይጀምሩ፦ ዳጉ ፖዝ ላይ ነው? የኢምፖርት ስህተት አለ? ታስኩ (የጆቡ አንድ ደረጃ) ኪውድ ላይ፣ ማለትም ወረፋ ላይ፣ ቆሞ ወስዶ የሚሠራው ዎርከር አጥቷል? ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሆነ ብዙም አላጋጠመኝም።

ስለ ክሮን የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ለአንድ ስክሪፕት፣ ቀጣይ ደረጃ ለሌለው ሥራ፣ ክሮን ይበቃል፤ ኤርፍሎው መትከል ድካም ነው። ነገር ግን ክሮን ያለፈ ቀጠሮ አያስታውስም። ባለፈው ሳምንት ክሮን ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሦስቱ ራኖች አይነሱም፣ ክሊር የሚያደርጉትም ነገር አይኖርም ነበር። ለ11 ቅርንጫፍ የቀን ሒሳብ ባለው ላይ ይቆዩ። ዳጉ ላይ ክሮኑን በባዶው ከመጻፍ ይልቅ ክሮን ዳታ ኢንተርቫል ታይምቴብል በሚለው ክፍል ይጻፉት፤ 0 3 * * * እና የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል አብረው ይቀበልዎታል። ካችአፕንም ክፍት ብለው በግልጽ ይጻፉት። በለወጡበት ዕለት አንድ ራን ባልለመዱት ሰዓት ሊነሳ ስለሚችል ገጹ ላይ ቀጣዩ ራን የሚለውን አይተው ያረጋግጡ።

በግልጽ ጻፉ የምልበት ሌላ ምክንያት አለኝ። በሚያዝያ 2017፣ በፈረንጆች ኤፕሪል 2025፣ የወጣው ኤርፍሎው 3 ነባሪዎቹን ለውጧል። ካችአፕ ዝግ ሆኗል። በባዶው የተጻፈ ክሮን ደግሞ የጊዜ ክፍል መሸፈኑን ትቶ የተነሳበትን ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ ዲኤስም ዳታ ኢንተርቫል ስታርትም የተነሳበት ቀን ይሆናሉ። አንድ ሰው አንድ ቅዳሜ ሰርቨሩን ቢያሻሽልና የእርስዎ ዳግ በነባሪ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ምንም ቀይ ምልክት ሳይታይ ሁሉም ቁጥር በአንድ ቀን ይዛወራል።

የወር ሪፖርት በኢትዮጵያ ወር ካለብዎትም ክሮኑ ላይ አይታገሉ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሆኖ አንዳንድ ዓመት 12 ላይ ይውላል፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ወይም 11 ነው፣ የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው። ይህን የሚገልጽ አንድ መስመር ክሮን የለም። ጆቡ በየቀኑ ይነሳና የመጀመሪያው ታስክ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ ወር ካልገባ የቀረውን ይዝለል።

አንድ ነገር ግን ክሮን ላይ ያስቀምጡ፣ የሚቻል ከሆነም በሌላ ማሽን። ኤርፍሎው የወደቀ ታስክን ያሳውቃል፤ ያልተነሳ ጆብ ግን ወድቆ ስለማያውቅ ማሳወቂያ የለውም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዳታቤዙን «የትናንት ቀን ያላቸው ስንት ቅርንጫፎች ገብተዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አሥር መስመር ስክሪፕት ይጻፉ። መልሱ 11 ካልሆነ የጎደሉትን ስም ዘርዝሮ ስልክዎ ላይ ይላክልዎት፤ አለቆችዎ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሪፖርቱን ሳይከፍቱት አንድ ሰዓት አለዎት።